«ሽማግሌው» የምንለው ፊደል

ቡራዩ ካለው የጽሕፈትና የኅትመት ቤት ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። በመጨረሻው ቀን አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ኬክ ቆርሰው ለስላሳ ከፍተው ሸኙኝ። መሃል ላይ አንደኛዋ፣ «እትዬ ዓለም፣ ከፎንቶቹ ሁሉ የሚወዱት የቱን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እነሱ ፎንት የሚሉት ኮምፒውተሩ ላይ ከተደረደረው ዝርዝር ነክተው የሚመርጡትን የፊደል ዓይነት ነው። እኔ የምወደውን የሚመስል እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ እሱ ራሱ ግን የለም። ስለዚህ «ሁሉም ጥሩ ናቸው» ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ልጅቷን ዋሽቻታለሁ። መናገር ከጀመርኩ የማልፈልገው ነገር ይከተላል ብዬ ፈርቼ ነበር። አሁን ጊዜ አለኝ፤ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ በአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ፊደል ለቃሚ የእርሳስ ፊደሎችን ከየሳጥናቸው አንድ በአንድ እያነሳ ቃል፣ ከቃል መስመር፣ ከመስመር ገጽ የሚሠራ ሰው ነው። ፊደሎቹ የሚቀረጹት ተገልብጠው ስለሆነ፣ ግራ እጃችን ላይ በያዝነው ብረት ስንደረድራቸው በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ ነው የምናያቸው። በሁለተኛው ወር በሕልሜ የሱቁ ማስታወቂያ ሁሉ ተገልብጦ ይታየኝ ጀመር። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ትንሽ ነበረች፣ ግን ቀኗን አታዛንፍም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ኦቦ ድሪባ ናቸው። የሰበታ ሰው ናቸው፤ አጭር፣ ጠይም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። በወጣትነታቸው ማተሚያ ቤቱን ላቋቋሙት የውጭ አገር ሰዎች ወለል ሊጠርጉ ተቀጥረው፣ እያዩ እያዩ ፊደል መልቀም ለመዱ። እኔ ስገባ በሥራው ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት በብዛት የሠሩት እንግሊዝኛ ነው፤ የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ የጸሎት መጻሕፍት፣ የማኅበሩን ሪፖርት። እንግሊዝኛ ግን አያውቁም። መጀመሪያ ሲነግሩኝ አላመንኳቸውም። «መልኩን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «አንዲት ፊደል ቦታዋን ብትስት ዓይኔን ትወጋኛለች። ምን እንደሚል ግን አልጠየቅኩም፣ የነገረኝም የለም።»

የአማርኛ ፊደላችን በአንደኛው ግድግዳ፣ የላቲኑ በሌላኛው ነበር። ላቲኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን «ራቁቱ» እንለዋለን፤ ቀጥ ያለ፣ ውፍረቱ ሁሉ እኩል የሆነ፣ ጫፉ ላይ ምንም የሌለው። ሌላኛው «ሽማግሌው» ነው። እውነተኛ ስሙ ሳጥኑ ላይ ተለጥፎ ነበር ይባላል፤ እኔ ስደርስ ወረቀቱ አርጅቶ ረግፏል። ስሙን ያወጡለት ኦቦ ድሪባ ናቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት መዳፌ ላይ ፊደል እያስቀመጡ ያሳዩኝ ነበር። «ኦ» የምትባለውን ክብ የላቲን ፊደል አስቀመጡና «ቀጥ ብላ ቆማለች?» አሉኝ። ደህና አድርጌ ሳያት አልቆመችም። ወንበር ላይ ደገፍ እንዳለ ሰው ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብላለች፤ ቀጭኑ ቦታዋ አናቷ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው። በብዕር የሚጽፍ እጅ እንዲያ ስለሚያዘነብል ነው አሉኝ። ወፍራሙ መስመር ወደ ቀጭን ሲሄድ በድንገት አይደለም፤ ቀስ ብሎ ይሟሽሻል። እያንዳንዱ ፊደል ከታች እግር አለው፤ እግሩም እንደ ሚስማር የተመታ ሳይሆን ከቅልጥሙ ጋር በስሱ የተጋጠመ ነው። ቁመቱ አነስ ያለ ስለሆነ በመስመሮቹ መካከል አየር ይተርፋል። ሰው ረጅም ነገር ሲያነብ እነዚያ እግሮች ዓይኑን ይዘው ወደሚቀጥለው ፊደል ያሻግሩታል። ራቁቱ ከሩቅ ይጠራሃል፣ ሽማግሌው ግን አጠገቡ አስቀምጦ ያወራሃል ይሉ ነበር ኦቦ ድሪባ። ማስታወቂያ፣ ቅጽ፣ የበር ቁጥር በራቁቱ ይሠራል። መጽሐፍ፣ ጸሎት፣ የሠርግ ጥሪ በሽማግሌው።

ስለ ሽማግሌው ቁጥሮች ደግሞ ለብቻ አስጠነቀቁኝ። የራቁቱ ቁጥሮች ሁሉም እኩል ቁመው ይሰለፋሉ። የሽማግሌው እንደ ፊደል ናቸው፤ ሦስትና አራት ከመስመር በታች ይወርዳሉ፣ ስድስትና ስምንት ከፍ ይላሉ፣ ዜሮ ትንሽ ክብ ትሆናለች። አንድ ቁጥር ላይዋም ታችዋም እግር ያላት አጭር ዘንግ ናት። ዓመተ ምሕረት ሆነው በጽሑፍ መሃል ሲገቡ ውብ ናቸው፤ ቁጥር መሆናቸው እንኳ አይታወቅም። ኦቦ ድሪባ የሚፈሩት ይህንኑ ነበር። ሰው የሚመዝነው፣ የሚለካው፣ የሚቆጥረው ነገር ላይ የሽማግሌውን ቁጥር አታስገቢ አሉኝ። እሺ አልኩ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድ ሥራ ተለቅሞ ሲያልቅ ለማረሚያ አንድ ወረቀት እናትማለን፤ ፕሩፍ እንለዋለን። ሁላችንም ካረምነው በኋላ ያንን ወረቀት ይዘው ሥራውን ጭራሽ ወደማያውቅ ሰው ይሄዱ ነበር። እንግሊዝኛ ከሆነ ጎረቤታችን ወዳለው አስተማሪ፣ አማርኛ ከሆነ ወደ ዘበኛችን። «ጮክ ብለህ አንብብልኝ» ይሉትና ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ለምን እንደሚዞሩ ጠይቄያቸው ነበር። ፊቴን ካየ የፈለግኩትን ያነብልኛል፣ እኔ የምፈልገው የታተመውን እንዲያነብልኝ ነው አሉኝ። ዘበኛችን ሲደናቀፍ የተደናቀፈበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው ይመለሳሉ። አንድም ቀን ሰነፍ ነው ሲሉት አልሰማሁም። እሱ ከተደናቀፈ ጥፋቱ የኛ ነው የሚሉ ሰው ነበሩ።

መንግሥት ተለውጦ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ መጻፍ ሲጀምር ሥራው በአንድ ጊዜ ጎረፈ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ የጤና መልእክት፣ የቀበሌ ማስታወቂያ ሁሉ ወደኛ መጣ። መጀመሪያ የደረሰን ለልጆች የምትሆን ትንሽ የንባብ መጽሐፍ ነበረች። ኦቦ ድሪባ በሽማግሌው ሊለቅሟት ቆሙ። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ሁለት ቃል ደርድረው እጃቸው ቀጥ አለ። በብረቱ ላይ ያለውን የተገለበጠ መስመር ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፣ ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ቦካን ሮቤ» አሉ። ዝናብ ዘነበ ማለት ነው።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሆናቸው ትንሽ የቀራቸው ሰው ናቸው እነዚያን ፊደሎች ሲያነሱና ሲመልሱ። ፊደሎቹ በእናታቸው ቋንቋ ሲናገሯቸው ግን ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ውጭ ወጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሽማግሌው ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ለኦሮምኛ አይበቃም ነበር። ኦሮምኛ በእንግሊዝኛ «ኤ» የምትባለዋን የ«አ» ድምፅ ፊደል ሁለት ሁለት እየደራረበ ይጠቀማል፤ ገጽ ሳንጨርስ ሳጥኗ ባዶ ይሆናል። ግማሽ ገጽ ለቅመን፣ አትመን፣ ፊደሎቹን አጥበን ወደ ሳጥናቸው መልሰን፣ ግማሹን እንደገና እንለቅማለን። እንግሊዝኛ እምብዛም የማይፈልጋት የ«ቀ» ድምፅ ፊደል አሥር ብቻ ነበረችን። ኦቦ ድሪባ አልተማረሩም። የሚጣሉ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ደግሞ የራሳቸውን ነገር በእርሳስ መጻፍ ጀመሩ፤ እናታቸው የነገሯቸውን የወንዝና የኮረብታ ስሞች ታሪክ ነው። አንድ ቀን በሽማግሌው እናትመዋለን ይሉኝ ነበር። እኔም ከእሳቸው እየሰማሁ ኦሮምኛዬ ተሻሻለ። ጠዋት «አካም ቡልተን» ስላቸው «ናጋ፣ ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ደህና ነኝ ልጄ እንደማለት ነው።

አሁን ወደማልፈልገው ደረስኩ።

አሥር ዓመት ግድም ከሠራሁ በኋላ ነው። የኦቦ ድሪባ ዓይን መድከም ጀምሮ ለምርመራ አዲስ አበባ ሆስፒታል ይመላለሱ ነበር። አንድ የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት ለሱሉልታ አካባቢ ገበሬዎች የመዥገር መድኃኒት ያድላል፤ መድኃኒቱ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ላም የሚታጠብበት ነው። ከቆርቆሮው ጋር የሚሰጥ በኦሮምኛ የተጻፈ ካርድ እንድንሠራ መጡ። ቀድሞ አንዱ ቆርቆሮ በአሥር ሊትር ውኃ ይበጠበጥ ነበር። አዲሱ ቆርቆሮ ትንሽ ስለሚበልጥ አሥራ አንድ ሆነ። በእጅ የተጻፈው ረቂቅ ላይ ቁጥሩ ግልጽ ነው። የአሠራሩ ደረጃዎች ደግሞ በሮማውያን ቁጥር ተዘርዝረዋል፤ I፣ II፣ III እየተባለ።

ካርዷን በሽማግሌው ለቀምኳት። ማንም አላዘዘኝም። አጭር ጽሑፍ ናት፣ እንድታምር ፈለግኩ። የውኃው ልክ ላይ ስደርስ የራቁቱን ቁጥር ማስገባት እንዳለብኝ ትዝ ብሎኛል። ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። የራቁቱ ቁጥር በሽማግሌው መሃል ሲገባ በሰልፍ መሃል እንደገባ እንግዳ ሰው ይታያል፤ ያስጠላኝ ነበር። የሽማግሌውን ሁለት አንዶች ጎን ለጎን አስገባሁና ፕሩፉን አተምኩ። አነበብኩት፤ አሥራ አንድ ሊትር ይላል። ለእኔ አሥራ አንድ ነበር የሚለው፣ አሥራ አንድ መሆኑን አውቃለሁና።

የፕሮጀክቱ መኪና ውጭ ቆሟል። ዘበኛችን በር ላይ ተቀምጦ በመስኮት ይታየኛል። ቁቤን ከልጆቹ ጋር አብሮ ስለተማረ በዚያን ጊዜ ኦሮምኛውን የሚያነብልን እሱ ነበር። ከእኔ እስከ እሱ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ኦቦ ድሪባ ቢኖሩ ይሄዱ ነበር። እኔ ግን አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፣ ለአንዲት ካርድ ዘበኛ አላስነብብም አልኩ። እንዲታተም ፈረምኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የፕሮጀክቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጣ። ኦቦ ድሪባም ያን ቀን ሥራ ላይ ነበሩ። ሰውየው ሰላምታ እንኳ ሳያስረዝም ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሱሉልታ ሦስት የወተት ላሞች መሞታቸውን ነገረን። መድኃኒቱ ከልኩ በላይ በርትቶባቸው፣ ለሃጫቸው እየተዝረከረከ፣ እየተንቀጠቀጡ ወድቀው ነው የሞቱት። ኦቦ ድሪባ ካርዷን አነሱ፤ ዓይናቸው ስለደከመ መስኮቱ ጋ ወስደው አዩአት። ወጥተው ወደ ዘበኛው ሄዱ። ተከተልኳቸው። ካርዷን ሰጡትና ጀርባቸውን አዞሩ።

«የውኃው ልክ ያለበትን አንብብልኝ።»

ዘበኛችን እየተንተባተበ አነበበ። «አንድ ቆርቆሮ መድኃኒት በ… ሁለት ሊትር ውኃ።»

ኦቦ ድሪባ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንዲያ አይተውኝ አያውቁም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ደረጃዎቹ I፣ II፣ III ተብለው ተዘርዝረው፣ እዚያው ሥር ላይና ታች እግር ያላቸው ሁለት ዘንጎች ቆመዋል። ከእኔ በቀር ማንም ሰው ሁለት ብሎ ነው የሚያነባቸው። መድኃኒቱ ከአምስት እጥፍ በላይ በርትቶ ነበር ማለት ነው።

ሌሎቹ ገበሬዎች እንዴት ተረፉ ብለን ጠየቅን። አብዛኞቹ የቀድሞውን አሥር ሊትር በቃል ያውቁታል አለ ባለሙያው፤ ለአዲሶቹም በገበያ ቀን በአፍ ተነግሯቸዋል። ላሞቹ የሞቱባት ሴትዮ ግን በዚያ ቀን አልመጣችም፣ ቆርቆሮውን ጎረቤት ነው ያመጣላት። ባሏ ሞቷል። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራ በቅርቡ ነው ማንበብ የቻለችው። ካርዷን ራሷ አንብባ ራሷ በጠበጠች። በአፍ የሰሙት ሁሉ ምንም አልሆኑም፤ የተጎዳችው ያነበበችው ናት።

ሥራ አስኪያጃችን ጉዳዩ በቢሮ በኩል ያልቃል፣ ማንም ወደዚያ እንዳይሄድ አለ። ካርዶቹ ተሰብስበው በራቁቱ ቁጥር እንደገና ታተሙ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ኦቦ ድሪባ ግን በዕረፍት ቀናችን «ሱሉልታ እንሄዳለን» አሉኝ።

ከሰበታ ተነስተን፣ አዲስ አበባን አቋርጠን፣ አዲሱ ገበያ ላይ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሱሉልታ ሜዳው ላይ ድርቆሽ ተቆልሎ ነበር። ቤቷን እየጠየቅን ደረስን። ስሟ አዴ ሌሊሴ ነው፣ ወይዘሮ ሌሊሴ እንደማለት፤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ማን እንደሆንን ሳትጠይቅ አስገብታ አስቀመጠችን፤ ቀጥላም ተሸማቀቀች። ለእንግዳ የሚሰጥ ወተት የለም፣ ይቅርታ አለችን።

ኦቦ ድሪባ ካርዷን የሠራነው እኛ ነን አሏት። የሆነውን አንድ በአንድ በኦሮምኛ ገለጹላት፤ ቁጥሩ አሥራ አንድ ሊሆን ሲገባው ሁለት መስሎ መታተሙን። «እኛ» እያሉ ነው የተናገሩት። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

«ጎረቤቴ ልንገርሽ ብሎኝ ነበር» አለች። «አይ፣ አነባለሁ አልኩት።»

«ያነበብሽው በትክክል ነው አዴ ሌሊሴ» አሏት ኦቦ ድሪባ። «እንዲያ ተብሎ ነው የታተመው። ጥፋቱ የንባብሽ አይደለም።»

ቀና ብላ አየቻቸው።

«በትክክል ካነበብኩ ላሞቼ ለምን ሞቱ?»

ክፉ ጥያቄ አልነበረም። ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው። ያን ጊዜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ካርዷን የለቀምኩት እኔ ነኝ፣ እንዲያምርልኝ ብዬ ነው፣ ተነግሮኝ አልሰማሁም ማለት ነበረብኝ። ኦሮምኛዬ ለዚያ ይበቃል። እኔ ግን ወለሉን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ ኦቦ ድሪባ ተነስተው ሁለት እጇን ያዙና ይቅር በይን አሏት። እሷም እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አለች፤ አባቷ የሚሆኑ ሰው ፊቷ ጎንበስ ስላሉ ብላ ነው እንጂ ፊቷ ምንም አልተለወጠም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። «መናገር ነበረብሽ ኢንተላ ኮ።» አዎ አልኳቸው። ሌላ ጊዜ አላነሱብኝም። ፕሮጀክቱ በኋላ አንዲት ጊደር እንደሰጣት ሰማሁ።

በማግስቱ ኦቦ ድሪባ ከሽማግሌው ሳጥን ውስጥ ቁጥሮቹን ሁሉ አወጡ፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ አንድም አልቀረም። በወረቀት ጠቅልለው በክር አሠሩና መጋዘን አስገቡ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት በሽማግሌው ቁጥር የታተመ ነገር የለም። የወንዞቹን ታሪክ መጻፍም አቆሙ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ዓይኔ አልታዘዝ አለኝ አሉኝ፤ ለሥራው ግን ገና ይታዘዛቸው ነበር። የጻፏቸው ወረቀቶች የት እንደገቡ ዛሬም አላውቅም። ልጆቻቸውን ጠይቄያለሁ፣ አላዩም።

ዓይናቸው እየባሰ ሄዶ ፊደሎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ወደ ሳጥናቸው እስከመመለስ ደረሱ፤ ያኔም አይሳሳቱም ነበር። በመጨረሻ ጡረታ ወጡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ገዛና የእርሳስ ፊደሎቹ እንዲሸጡ ተወሰነ። ቁራሌው በጆንያ እየሞላ ሲመዝናቸው አጠገቡ ቆሜ ነበር። አማርኛው፣ ራቁቱ፣ ሽማግሌው ሁሉም ተቀላቅለው አንድ ክምር ሆኑ። ቀልጠው ምን እንደሚሆኑ ሰውየውን ጠየቅኩት፤ ለሚያቀልጡት ይሸጣል እንጂ እሱም አያውቅም። ከሥራ ወጥቼ ኦቦ ድሪባ ቤት ሄድኩ። ሙሉ በሙሉ ማየት አቁመው ነበር። ነገርኳቸው።

«ሽማግሌውም?» አሉ።

«አዎ ኦቦ።»

ጣቶቻቸውን እያፍተለተሉ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። በዚያው ዓመት ክረምት ሳይወጣ አረፉ። ቀብራቸው ሰበታ ነው የተፈጸመው። ሰዉ ብዙ ነበር፤ የለቀሟቸው መጻሕፍት ያስተማሩት ሕዝብ ውስጥ ግን እሳቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የፊደል ለቃሚ ስም መጽሐፍ ላይ አይጻፍም።

እኔ ከዚያ ቡራዩ ሄድኩ፤ እስከ ጡረታዬ ኮምፒውተር ላይ ሠራሁ። ሽማግሌውን የሚመስለውን ፊደል እዚያ ዝርዝር ውስጥ ያገኘሁት ቀን ቶሎ ብዬ አሥራ አንድ ቁጥርን ጻፍኩበት። ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው፣ እኩል ሆነው ወጡ። አንድም አንድን ትመስላለች። ያስተካከለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሱም የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ደርሶበት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የልመና ወረቀት፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤት ኪራይ ውል ሠርቻለሁ። እያንዳንዱን ወረቀት በር ላይ ለሚጠብቅ ደንበኛ ሰጥቼ ጮክ ብለህ አንብብልኝ ስል ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። ጀርባዬንም አዞር ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

ጡረታ ስወጣ ሴት ልጄ ሱሉልታ ቤት ተከራይታ ስለነበር ከእሷ ጋር ልኖር ሄድኩ። ሱሉልታ ያኔ የማውቃት አይደለችም፤ ድርቆሽ የነበረበት ሜዳ ቤት ሆኗል። ወራት አለፉ፣ አዴ ሌሊሴ ቤት ግን አልሄድኩም። አንድ ቀን ሄድኩ። ሰፈሩ ተለውጦ ብዙ ጠየቅኩ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሴት በር ከፈተችልኝ። አዴ ሌሊሴን እፈልግ ነበር አልኳት። እናቴ ናት፣ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት አለችኝ። ስሟ ሐዊ ነው፤ እዚያው ከተማ ባንክ ቤት ትሠራለች። እናቷ ሌላ ባል አግብታ የወለደቻት ናት። አስገባችኝ፣ ወተት አፍልታ ሰጠችኝ። የመጣሁበትን ወዲያው መናገር አልቻልኩምና ስለ እናቷ እንድታወራልኝ ጠየቅኳት።

ሐዊ ደስ ብሏት አወራችኝ። እናቷ አራት ልጆች አስተምራለች። ደብተራቸውን በየማታው ታገላብጣለች፣ የተጻፈውን ግን አትጠይቅም። «እኔ ባንክ ስገባ መጀመሪያ የከፈትኩት ሂሳብ የእሷን ነው» አለች። «ፈርሚ ስላት አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝ። ስምሽን ላስተምርሽ ብላት እንቢ አለች። እስክትሞት በጣቷ ነው የፈረመችው።»

«አንድ ነገር ይቆጨኛል» አለችኝ። «ሁላችንም ተምረን እሷን ፊደል ሳናስቆጥራት ሞተች።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። በዚያ ቤት ሁለተኛ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እናትሽ ማንበብ ትችል ነበር» አልኳት። «አንቺ ሳትወለጂ በፊት ታነብ ነበር። አንድ ቀን በትክክል ያነበበችውን ጽሑፍ አበላሽቼ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ሐዊ አልተቆጣችም። ሁሉንም ከመጀመሪያው እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስጨርስ መሽቶ ስለነበር እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ስንለያይ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ስታነብ ድምፅ አውጥታ ነበር ወይስ በልቧ አለችኝ። እኔ ስታነብ አላየኋትም። ይህንንም ነገርኳት።